የጤና ትምህርት፦ የካውንቲው ጤና ቢሮ ለእኛ ምን ይሠራል?



ጎረቤትዎን ሌሊቱን ሙሉ ሲያስመልሳቸውና ሲያስቀምጣቸው አደረ እንበል። ቤተሰቡ ግን «ሰው ከሰማ ምግብ ቤታችን ይዘጋብናል» ብሎ ዝም አለ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባል የለ? ይህ ዝምታ ከአንድ ቤት አልፎ ሰፈሩን ሁሉ ሊጎዳ ይችላል።

ጤና ቢሮው እኛን ይመለከታል?

በካኩማ ካምፕ ስንታመም የምንሄደው የእርዳታ ድርጅቶች ወደሚያካሂዷቸው ክሊኒኮች ነው። ስለዚህ ብዙዎቻችን የመንግሥት ጤና ቢሮ ከእኛ ጋር ጉዳይ የለውም ብለን እናስባለን። ይሁን እንጂ በ2010 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥት የአካባቢ ጤና አገልግሎትን ለ47ቱ ካውንቲዎች ሰጥቷል። ካኩማ የሚገኘው በቱርካና ካውንቲ ነው። በሽታ ደግሞ ስደተኛና የአገር ተወላጅ ብሎ አይለይም።

ዋና ዋና ተግባሮቹ

1. ከክሊኒኮች የሚመጣውን ሪፖርት እየተከታተለ ወረርሽኝ መኖሩን ያጣራል።
2. ኮሌራ ሲጠረጠር የሰገራ ናሙና በላቦራቶሪ እንዲመረመር ያደርጋል፤ የውኃውንም ንጽሕና ያስፈትሻል።
3. ክትባት ለሁሉም እንዲዳረስ ያስተባብራል። በግንቦት 2013 እ.ኤ.አ. በዳዳብ ካምፕ ፖሊዮ በተገኘ ጊዜ የክትባት ዘመቻው ስደተኛውንም የአካባቢውን ነዋሪም ያካተተ ነበር።
4. ምግብ ለሚሸጡ ቤቶች ፈቃድ ይሰጣል፤ ይቆጣጠራልም።

ጤና ቢሮው ግን ያልሰማውን ሊያጣራ አይችልም። ሥራው የሚጀምረው እርስዎ ከሚናገሩት ነው።

«ይዘጋብናል» የሚለው ስጋት

የጤና ባለሙያው መጥቶ «ውኃ ከየት ቀዱ? ምግብ የት በሉ?» ብሎ የሚጠይቀው የበሽታውን ምንጭ ለማግኘት እንጂ በደለኛ ለመፈለግ አይደለም። እውነት ነው፤ ጉድለት የተገኘበት ምግብ ቤት እስኪያስተካክል ድረስ ሊዘጋ ይችላል። ነገሩ ተደብቆ ሰው ከሞተ ግን የሚደርሰው ጉዳት ሊካስ አይችልም።

እርስዎ ምን ማድረግ አለብዎት?

• እንደ ውኃ የቀጠነ ተቅማጥ የያዘውን ሰው ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ክሊኒክ ይውሰዱ። ኮሌራ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል፤ ቶሎ የታከመ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይድናል።
• በመንገድም ላይ ቢሆን ኦ.አር.ኤስ. ደጋግመው ያጠጡት። ከሌለ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበጥብጡ። ማንኪያው ጢም ብሎ እንዳይሞላ ይጠንቀቁ፤ ጨው ሲበዛ ይጎዳል።
• ለብሎክዎ የጤና በጎ ፈቃደኛ ዕለቱኑ ይንገሩ።
• ድንገት እግሩ ወይም እጁ የዛለ ልጅ፣ ወይም ትኩሳትና ሽፍታ ያለበት ሕፃን ሲያዩም እንዲሁ ያድርጉ።

በጎ ፈቃደኞች ሆይ፦ የሰማችሁትን ለክሊኒኩ ስታደርሱ የታማሚውን ስም በሰፈር አታውሩ። ምስጢሩ የተጠበቀለት ሰው ነገም ይነግራችኋል።

ለውይይት

1. በብሎካችሁ ሰዎች ሕመምን የሚደብቁት ለምንድን ነው?
2. ሌሊት ሰው ቢታመም ለማን ትናገራላችሁ?