ጫቱ ነው፣ ሕመም ነው ወይስ ሁለቱም? ለኦቾሎ ወላጆች

ኦቾሎ ላይ፣ አባያ ሐይቅን ቁልቁል በሚያየው ገደል አናት ላይ፣ አንድ የ16 ዓመት ልጅ ሦስት ሌሊት ሳይተኛ ብቻውን ሲያወራ ቢያድር መንደሩ ሦስት ነገር ይላል፦ ጫቱ ነው፣ ጥጋብ ነው፣ ጎሜ (ነውር ያመጣው መቅሠፍት) ነው። ወላጅም አንዱን ይዞ ይሮጣል። እኔ የምለው ግን ሱስና የአእምሮ ሕመም አንድ ልጅ ላይ ተደርበው ሊመጡ ይችላሉ፤ ሲደረቡም መታከም ያለባቸው አብረው ነው።

አንደኛ፣ ከመቆጣትዎ በፊት ይመልከቱ። መቼ እንደተኛ፣ ምን እንደበላ፣ መቼ እንደቃመና እንደጠጣ፣ ምን እንዳወራ በየቀኑ ደብተር ላይ ይያዙ። መጻፍ ካልቻሉ ታላቅ ልጅዎን ያስጽፉ። ምርቃና እንቅልፍ ይነሳል። ጫቱ ሲቋረጥ ደግሞ ድካም፣ ድብርትና ዱካክ ይመጣል፤ ይህ በአብዛኛው በቀናት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። ሳይቅም በከረመባቸው ቀናትም ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ከሰማ፣ እናቱ የሰጠችውን ምግብ «መርዝ አለው» ብሎ ከገፋ፣ ነገሩ ከጫት አልፏል። ጨብሲውንም ልብ ይበሉ፤ ምርቃናውን ለመስበር ብሎ የጀመረው አረቄ ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ሱስ የሚሆነው እንዲህ ነው።

ሁለተኛ፣ አደጋውን ያስቀድሙ። ልጁ ስለ ሞት ካወራ «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» ብለው በቀጥታ ይጠይቁት። ጥያቄው ሐሳቡን አያሳድርበትም፤ ብዙ ጊዜ እፎይታ ይሰጠዋል። የተባይ መድኃኒት፣ ገመድና ስለት ከቤት ያርቁ፣ ብቻውን አይተዉት፣ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ይውሰዱት። ለወራት በየቀኑ አረቄ ሲጠጣ የኖረን ልጅ ደግሞ ቤት ዘግተውበት በአንድ ቀን አያስቁሙት። መንቀጥቀጥ፣ እንደሚጥል በሽታ መውደቅና መቃዠት ሊከተል፣ ሊገድልም ይችላል፤ ማቆም ያለበት በጤና ባለሙያ ክትትል ነው። በሰንሰለት ማሰር ሕክምና አይደለም።

ሦስተኛ፣ ያነጋግሩት፤ ሰክሮ ወይም መርቅኖ ሳለ ግን አይሆንም። ጠዋት፣ ከቁርስ በኋላ ይሁን። ኦቾሎ የዱቡሻ፣ የአደባባይ ሸንጎ፣ አገር ናት፤ ሰው ተቀምጦ፣ አንዱ ሲናገር ሌላው አዳምጦ፣ ነገሩ እስኪበስል ይመከርባታል። የልጁን ምሥጢር ወደ ዱቡሻ አይውሰዱ፤ የዱቡሻውን ትዕግሥት ግን ወደ ቤትዎ ያምጡ። «ልጄ፣ ሌሊት እንደማትተኛ አያለሁ፤ ምን ያስጨንቅሃል?» ይበሉና ዝም ብለው ይስሙት። «አሰደብከኝ» የሚለውን ቃል ይተዉት። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የጋሞ አባቶች አርባ ምንጭ ላይ ለምለም ሣር ይዘው በተቆጡ ወጣቶች ፊት ተንበርክከው ጥፋት አስቀርተዋል። እነዚያ አባቶች ለወጣት ዝቅ ካሉ፣ ወላጅ ለልጁ ድምፁን ቢያለሰልስ ውርደት የለውም። እርስዎን ካልሰማ የሚወደውን አጎቱን ወይም አክስቱን ያስገቡ፤ አንድ ሰው ይበቃል።

አራተኛ፣ ወደ ሕክምና ይዘውት ይሂዱ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ያማክሩ፤ ከዚያ ጤና ጣቢያ፣ ካስፈለገም በሪፈር አርባ ምንጭ ጠቅላላ ሆስፒታል። ደብተሩንና የጤና መድን መታወቂያውን አይርሱ። ጫቱንም አረቄውንም ሳይደብቁ ይናገሩ፤ የተደበቀ ነገር መድኃኒቱን ያዛባል። «መጀመሪያ ሱሱን ይተው፣ ከዚያ ይምጣ» ከተባሉ «ሁለቱም አብረው ይታዩልኝ» ብለው በትሕትና ይጽኑ። መድኃኒት ከታዘዘ ሙሉ ለውጡን ለማየት ሳምንታት ይፈጃል። ሰውነቱ ከተገተረ ወይም መቀመጥ አቅቶት ከተቁነጠነጠ ለባለሙያው ይንገሩ፤ በራስዎ ግን አያቋርጡት።

ስለ ጎሜ አንድ ነገር ልበል። በቤተሰቡ ውስጥ የቆየ ቅያሜ ካለ መታረቁ መልካም ነው፤ ቤቱ ይረጋጋል፣ ልጁም ይቀለዋል። ጸበልና ጸሎትም እንዲሁ። ነገር ግን ጸበል ሲሄድ ኪኒኑ አብሮት ይሂድ። ሕመሙንም የማንም ኃጢአት ውጤት አድርገው በልጁ ጫንቃ ላይ አይጫኑበት።

አምስተኛ፣ ከቤት ውጭ ያለውን መንገድ ያጥብቡ። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮልና ትምባሆ መሸጥን ይከለክላል። አረቄ ሻጯ ብዙ ጊዜ ራሷም በዚያው ገቢ ልጆች የምታሳድግ እናት ናት፤ ስለዚህ ጠብ ይዘው ሳይሆን እናት ለእናት፣ «ለልጄ አትሽጪለት» ብለው ይለምኗት። ገንዘብ በእጁ ከመስጠት ደብተሩንም ጫማውንም ራስዎ ይግዙለት። እንደገና ቢቅም ወይም ቢጠጣ ሕክምናው ከሸፈ ማለት አይደለም፤ ተመልሶ መሄድ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከአእምሮ ሕመሞች ግማሾቹ የሚጀምሩት ከ18 ዓመት ዕድሜ በፊት ነው። እባክዎ፣ «ሲያድግ ይተወዋል» ብለው አይጠብቁ፤ ደብተሩን ዛሬ ማታ ይጀምሩ።