ወጥመዱ ደወል እንጂ ዘበኛ አይደለም

መጤ ተምች የሚባለው የበቆሎ ተባይ መነሻው የአሜሪካ አህጉር ሲሆን፣ በአፍሪካ የታየው በ2008 ዓ.ም. ነው። በ2009 ዓ.ም. በደቡብ ምዕራብ በኩል ወደ ሀገራችን ገብቶ በአጭር ጊዜ ብዙ በቆሎ አምራች አካባቢዎችን አዳረሰ። በዚህ ትምህርት መምጣቱን ቀድሞ ለማወቅ የሚረዳውን የፌሮሞን ወጥመድ እንመለከታለን።

ፌሮሞን ምንድን ነው?

የተምቹ ትል ሲያድግ የእሳት እራት ይሆናል። ሴቲቱ በሌሊት ከሰውነቷ ረቂቅ ሽታ ትለቃለች፤ ወንዱም ይህን ተከትሎ ይመጣል። ባለሙያዎች የሽታውን አምሳያ አዘጋጅተው በወጥመዱ ውስጥ ያኖሩታል። ወንዱ ሴት ያገኘ መስሎት ይገባል፤ መውጫም ያጣል።

አጠቃቀሙ

ወጥመዱ በዘር ወቅት በማሳው ዳር በእንጨት ላይ ይሰቀላል፤ ሰብሉ ሲያድግም ከፍ ይደረጋል። በሳምንት አንድ ቀን ተወስኖ የገቡት ይቆጠራሉ፤ ይመዘገባሉም። ማማለያው ሽታው ስለሚደክም ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ይለወጣል፤ በባዶ እጅም አይነካም።

ልንስተው የማይገባን

ቀድሞ ባስተማርንበት አንድ አጥቢያ፣ ምእመናን «ወጥመድ ተሰቅሏል» ብለው ማሳቸውን ሳያዩ ሰነበቱ፤ ትሉም በቆሎውን ጎዳው። ስሕተቱ የእኛ ነበር፤ ወጥመዱ ምን እንደሚሠራ ስናስተምር የማይሠራውን አልነገርንም። ወጥመዱ የሚይዘው ወንዱን ብቻ ነው። እንቁላል የምትጥለው ሴቲቱና ሰብሉን የሚበላው ትል በማሳው ይቀራሉ። አንዲቱም በሕይወት ዘመኗ ከ1,000 በላይ እንቁላል ልትጥል ትችላለች።

ስለዚህ ቁጥሩ ከፍ ሲል ወደ ማሳው መግባት ግድ ነው። በ5 ቦታ፣ በየቦታውም 20 አገዳ ይፈተሽ፤ በተለይም ትሉ የሚሸሸግበት ያልተዘረጋው የመካከል ቅጠል ይታይ። በለጋ በቆሎ ከ100ው 20 ያህሉ ተጎድቶ ከተገኘ የግብርና ባለሙያ ይማከር። ጥቂት ከሆነ እንቁላሉንና ትሉን በእጅ ለቅሞ መግደል ይቻላል። ሳይፈትሹ መድኃኒት መርጨት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ንብንም ይፈጃል። ለጧፍ የምንሻው ሰም ደግሞ የንብ ሥራ ነው።

የሰበካ ጉባኤው ድርሻ

ለቆጠራው 2 ሰዎች ይመደቡ። የሳምንቱ ቁጥር ከቅዳሴ በኋላ ለምእመናን ይነገር፤ ለቀበሌው የግብርና ልማት ሠራተኛም ይድረስ።

ለውይይት፦ በአጥቢያችን ቁጥሩን የሚመዘግበው ማን ነው? ቁጥሩ ሲጨምርስ ማሳ ለማሳ የሚዞሩት እነማን ናቸው?