የጣውላ ወለል ፍቆ ቫርኒሽ ለመቀባት ትክክለኛ ዋጋ ስለ ማውጣት

ትምህርት ቤትም ቢሆን አዳራሽም ቢሆን፤ ወለሉ ጣውላ የሆነ ቤት ከዘመን ብዛት ቅቡ በእግር ሲለቅ አናጢ ተጠርቶ ዋጋ ይጠየቃል። በዚህ ጊዜ የብዙው ሰው ጥያቄ «ካሬው ስንት ነው?» የሚል ነው። አናጢውም ሥራው እንዳያመልጠው ወለሉን ሳያይ አንድ ቍጥር ይጠራል። ጠቡ የሚጀመረው ከዚህ ላይ ነው። ወለሉ እንደ ታሰበው ሳይሆን ሲቀር ወይ አናጢው ከስሮ መሣሪያውን ይሸጣል፤ ወይም ሦስት ጊዜ የሚቀባውን ሁለት ጊዜ ብቻ ቀብቶ ይሄዳል፤ ቫርኒሹም ጊዜው ሳይደርስ ይላጣል።

ስፋቱን መለካት በእርግጥ የማይቀር ነው። ለምሳሌ ያህል ርዝመቱ 8 ሜትር፤ ወርዱ 6 ሜትር የሆነ ክፍል 48 ካሬ ሜትር ይሆናል። አንድ ሊትር ቫርኒሽ በአንድ ቅብ 10 ካሬ ሜትር ይሸፍናል ቢባል (በጣሳው ላይ የተጻፈውን መመልከት ይገባል)፤ ሦስቱ ቅብ 144 ካሬ ሜትር ስለሚሆን 15 ሊትር ይገዛል። መምህሩ ተማሪዎቹ የክፍላቸውን ወለል በገመድ ለክተው ይህን እንዲያሰሉ ቢያደርግ መልካም ነው፤ ወለሉ አፈር ቢሆንም ስሌቱ አይለወጥም።

ነገር ግን ከቫርኒሹ ይልቅ ድካሙ ይከብዳል። መፋቅ የሚጀመረው ቍጥሩ 40 በሆነ ሻካራ የብርጭቆ ወረቀት ነው፤ ቀጥሎ 60 ወይም 80፤ በመጨረሻም 100 ወይም 120 ይመጣል። ደረጃ የዘለለ ሠራተኛ ቫርኒሹ ሲነካው የፊተኛው ጭረት ጎልቶ ይታይበታል። ወይራ እጅግ ጠንካራ ስለሆነ ወረቀቱን ቶሎ ይጨርሳል፤ ዋንዛ ግን ለመፋቅ ይቀላል። ስለዚህ 48 ካሬ ሜትር ወይራና 48 ካሬ ሜትር ዋንዛ በአንድ ዋጋ ሊቈረጡ አይገባም። ሰም ሲቀባ የኖረ ወለልም ወረቀቱን ይደፍነዋል፤ ሰሙ ፈጽሞ ካልለቀቀ ቫርኒሽ አይይዝም። የግድግዳው ጥግ መኪና ስለማይደርስበት በእጅ ይፋቃል፤ ስፋቱ ጥቂት ሳለ ቀን ይበላል። ባለቤቱ የተለየ ቀለም ያዘዘ እንደሆነ፤ አናጢው በተፋቀ ጥግ ላይ ሁለት ሦስት ናሙና ቀብቶ ሊያሳየው ይገባል፤ ይህም ጊዜ በዋጋው ውስጥ ይገባል።

እንግዲህ ዋጋው የዕቃው የዕለቱ ገበያ፤ የሰዎቹ ቍጥር በቀኑ ተባዝቶ የሚገኘው ደመወዝ፤ የመኪናው ኪራይና የመጓጓዣው ድምር ነው። መኪናው የአናጢው የራሱ ቢሆንም ያረጃልና ይታሰብለታል። በዚህ ላይ ትርፍ መጨመር ነውር አይደለም፤ ነውሩ ትርፉን ከሦስተኛው ቅብ መስረቅ ነው። ቅቡ በሚደርቅበት ቀን አናጢው በሌላ ስፍራ ቢሠራ የዚያን ቀን ደመወዝ ከሁለት ሰው መቀበል አይገባውም።

ደግሞ ጣውላው ሳይነካ የላይኛው ቅብ ብቻ የደበዘዘ እንደሆነ ሁሉን መፋቅ አያስፈልግም፤ በለዘበ ወረቀት አሻሽቶ አንድ ጊዜ መቀባት ይበቃል። እርስ በርሱ በምላስ የተገጣጠመ ጣውላ ከምላሱ በላይ ያለው ውፍረት ጥቂት ሚሊሜትር ነው፤ በተፋቀ ቍጥርም ይሳሳል። ይህን እያወቀ ትልቁን ሥራ ለማግኘት የሚሰውር አናጢ ሚዛን ከሚያጐድል ነጋዴ አይለይም።

በመጨረሻም ውል ይጻፋል። የቅቡ ብዛት፤ የተመረጠው ናሙና፤ ቀብዱና የቀረው ገንዘብ የሚከፈልበት ቀን ይገለጣል። ቀብዱ ለዕቃ መግዣ የሚበቃ ይሁን። ሰሙ ሲነሣ ምስጥ የበላው ጣውላ ቢገኝ አንዱ ጣውላ በስንት እንደሚለወጥ ሥራው ሳይጀመር ይቈረጣል፤ ባለቤቱም ተጠርቶ በዓይኑ ሳያይ አንድም ጣውላ አይነሣም።