ፋይልሽ ሳይከፈት ይናገር

ልጄ፣ የማኅበራችን ጸሐፊ ሆነሽ ተመርጠሻል። ጠቅላላ ጉባኤ ሲቃረብ የአባላቱ ዝርዝርና የሒሳቡ ሰንጠረዥ በአንድ ቀን አራት አምስት ጊዜ ይለወጣል። ጠዋት አንዱ መዋጮውን ቲኪ በተባለው የስልክ መክፈያ ይከፍላል፤ ከሰዓት በኋላ ሌላዋ ከሮተርዳም ወደ ዴን ሃግ ቤት ቀይሬአለሁ ትላለች፤ ማታ ደግሞ ገንዘብ ያዡ የቆየ ደረሰኝ አገኘሁ ብሎ ይልካል። በየጊዜው ባክአፕ መያዝሽ ደግ ነው። ዋናው ፋይል የተበላሸ ዕለት ግን ከአምስቱ ቅጂ ትክክለኛውን የምትለዪው በስሙ ነው። ስለዚህ ይህን ምክር ያዢልኝ።

1. ዓመቱን አስቀድሚ። ሆላንዶች ቀን፣ አሜሪካኖች ወር ያስቀድማሉ። አንቺ 2025-10-25 ብለሽ ዓመት፣ ወር፣ ቀን ጻፊ። ይህ ከ1988 ጀምሮ የሚሠራበት አይሶ 8601 የሚባል ዓለም አቀፍ ደረጃ ነው። በዚህ መንገድ የተጻፉ ፋይሎች በስም ሲደረደሩ በጊዜያቸው ቅደም ተከተል ይሰለፋሉ። ወሩን በፊደል ከጻፍሽው ግን ሐምሌ ከመስከረም ቀድሞ ይቀመጣል። ከአሥር በታች ለሆነው ወርና ቀንም ዜሮዋን አትርሺ፤ 9 ሳይሆን 09 በይ።

2. ሁለት የዘመን አቆጣጠር አትቀላቅዪ። 03-04-2018 የሚል ፋይል ለእኛ ሰው ታኅሣሥ 3 ነው፤ ማለትም እንደ ፈረንጆቹ ዲሴምበር 12፣ 2025። ለሆላንዱ ደግሞ ኤፕሪል 3፣ 2018 ነው። በመካከላቸው ከሰባት ዓመት በላይ አለ። ሰነዶቻችንን የባንክና የግብር ሰዎችም ስለሚያዩአቸው የፋይሉ ስም በፈረንጆቹ ይሁን፤ የእኛን ቀን በሰነዱ ውስጥ በግልጽ አስፍሪው።

3. ሰዓቱን ጨምሪ። ብዙ ጊዜ ሴቭ በምታደርጊበት ቀን ዕለቱ ብቻውን አይበቃም። በ24 ሰዓት አቆጣጠር 0915፣ 1440፣ 2105 ብለሽ ጻፊ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው ብለሽ 0300 ብትዪ ሌላው ሰው ሌሊት የተሠራ ይመስለዋል። በሰዓትና በደቂቃ መካከል ሁለት ነጥብ (:) አታስገቢ፤ ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ አይቀበለውም። ሌሊት በራሱ ባክአፕ የሚያደርግ ፕሮግራም ካለሽ ደግሞ የኦክቶበርን የመጨረሻ እሑድ አስቢ። በዚያ ሌሊት ሰዓቱ ከ3 ወደ 2 ስለሚመለስ 0230 ሁለት ጊዜ ይመጣል። ስለዚህ ከሰዓቱ ቀጥሎ ተራ ቁጥር ይኑር።

4. ምን እንደተለወጠ በሁለት ሦስት ቃል ተናገሪ። «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ2»፣ «ትክክለኛው የመጨረሻ» የሚሉ ስሞች ምንም አይነግሩሽም። እንዲህ አድርጊው፦

2025-10-25_1440_02_የአባላት-ዝርዝር_አድራሻ-ከተቀየረ-በኋላ
2025-10-25_2105_03_የአባላት-ዝርዝር_ስም-ከመሰረዙ-በፊት

በተለይ አንድ ነገር ከመሰረዝሽ በፊት የያዝሽው ቅጂ «በፊት» የሚለው ቃል አይለየው። በአንድ አኃዝ ብቻ የሚለያዩ ስሞች ምን እንደሚያመጡ ጊትላብ የተባለው ኩባንያ አይቶታል። ጃንዋሪ 31፣ 2017 ሌሊት አንድ መሐንዲሳቸው ቁጥር 2 በተባለው ሰርቨር ላይ ያለ መስሎት ቁጥር 1 ላይ የነበረውን ዋናውን የመረጃ ቋት ሰረዘ። ከ300 ጊጋባይት ገደማ የቀረው 4.5 ብቻ ነበር። መደበኛው ባክአፕም ሳይታወቅ ቆሞ ኖሯል። ያዳናቸው ከስድስት ሰዓት ገደማ በፊት በእጅ የተወሰደ አንድ ቅጂ ነው።

5. የፊደል አጻጻፍሽ አንድ ይሁን። ዛሬ «ሒሳብ»፣ ነገ «ሂሳብ» ብለሽ ከጻፍሽ ለኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ አንዱን ስትፈልጊ ሌላው ላይወጣልሽ ይችላል። «ማኅበር»ና «ማህበር»ም እንዲሁ። የመረጥሽውን አጻጻፍ በአንድ ገጽ ጽፈሽ ፎልደሩ ውስጥ አስቀምጪው።

6. አንዱ ቅጂ ከኮምፒውተርሽ ተነቅሎ ይቀመጥ። ጁን 27፣ 2017 ኖትፔትያ የተባለው ቫይረስ የማርስክን የመርከብ ኩባንያ ሲመታ እዚሁ ሮተርዳም ወደብ፣ ማስቭላክተ ላይ ያለው የኮንቴነር ተርሚናሉ ሥራ ቆሞ ነበር። የሠራተኞቹን መግቢያና ፈቃድ የሚያስተዳድሩት ሰርቨሮች አንዱ የሌላው ቅጂ ነበሩ፤ ሁሉም ስለተያያዙ ከአንዱ በስተቀር ጠፉ። የተረፈው ጋና የነበረው ነው፤ መብራት ጠፍቶ በዚያች ሰዓት ከኔትወርኩ ተቋርጦ ነበርና። አንቺም በየሳምንቱ አንድ ቅጂ በውጭ ሃርድ ዲስክ ገልብጠሽ፣ ነቅለሽ፣ አምስተርዳም ላለው ምክትልሽ ስጪው። የፋይሎቹ ስም በሁለቱም ቦታ አንድ ዓይነት ይሁን።

7. ማታ ከመተኛትሽ በፊት አጣሪ። የዕለቱን የመጨረሻ ቅጂ ከፍተሽ እዪው፤ ተከፍቶ ያልታየ ባክአፕ አለ አይባልም። ከጉባኤው በኋላ የቀኑን የመጀመሪያና የመጨረሻ፣ እንዲሁም «በፊት» የሚሉትን አስቀርተሽ ሌላውን ሰርዢ። የሰው ስም፣ አድራሻና የግል ቁጥር የያዘ ዝርዝር በየፍላሹ ተበትኖ መቅረት የለበትም፤ የአንድን አባል ስም ወይም የግል ቁጥር በፋይል ስም ላይም አታውጪ።

በሆላንድ ሕግ የማኅበር ሒሳብ 7 ዓመት ተጠብቆ መቆየት አለበት። እስከዚያ ሌላ ጸሐፊ ይመረጣል፤ አንቺም ምናልባት ሌላ ከተማ ትሆኛለሽ። የዚያን ጊዜው ጸሐፊ አንቺ ጋ ሳይደውል የሚፈልገውን ቅጂ ካገኘ፣ ኃላፊነትሽን በሚገባ ተወጥተሻል።