የኋላ አክስል ባሕርይና የመታጠፊያ ፈተና

ጥያቄ፦ የጥንቱ ፎርድ ሙስታንግ በቀጥታ መንገድ ብርቱ ሲሆን፣ በውድድር ሜዳ መታጠፊያ ላይ ኋላው የሚሸሸው ስለ ምንድን ነው?

መልስ፦ ክቡር ጠያቂ ሆይ፤ ጠንቁ ከሞተሩ ኃይል ሳይሆን ከኋላ አክስሉ ሥርዓት የሚመነጭ ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. የወጣው ሙስታንግ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች በአንድ ድፍን አክስል አስተሳስሮ በባሌስትራ የሚሸከም ስለ ነበረ፣ በአንድ ቀንበር እንደ ተጠመዱ በሬዎች፣ አንደኛው ጎማ ጉብታ በነካ ጊዜ ሁለተኛውም አብሮ ያዘነብላል፤ ዲፈረንሻሉን ያዘለው የአክስሉ ክብደትም ከጎማዎቹ ጋር ስለሚነሣና ስለሚወድቅ፣ ጎማው ምድርን በጽናት ለመያዝ ይሳነዋል፤ ነጂው ነዳጅ አብዝቶ በሰጠ ጊዜም ባሌስትራው እየተጠማዘዘ ጎማውን ያነጥረዋል። በ2005 ሞዴል አክስሉ በሞላ ላይ ሆኖ፣ በሦስት ዘንጎችና ወደ ጎን መሸሽን በሚከለክል አንድ አግድም ዘንግ ታሰረ፤ በ2015 ሞዴል ግን እያንዳንዱ ጎማ ለብቻው እንዲንቀሳቀስ ተደረገ፤ በዚህም ሻካራ መታጠፊያ ላይ ያለው ጽናት እጅግ ተሻሻለ። ይሁን እንጂ ድፍኑ አክስል ቀላልና ጠንካራ፣ ለቀጥታ ሩጫም ምቹ ነውና ፈጽሞ አይናቅም፤ ስለዚህ ምክሬ፣ የፈረስ ጉልበት ከመጨመርዎ አስቀድሞ አግድሙን ዘንግና መልካም ሾክ አብዞርበር ያስገጥሙለት ዘንድ ነው።