የማስታወሻ ቺፕን በርካሽ ፕሮግራመር ስለ ማንበብና ስለ መጻፍ

ቴሌቪዥን፣ የዲሽ ሪሲቨር፣ ላፕቶፕ ወይም የኢንተርኔት ራውተር «ሞተ» ተብሎ ወደ ጥገና ሱቅ ሲመጣ ዘወትር የተቃጠለ ዕቃ አለበት ማለት አይደለም። አያሌ ጊዜ ኮረንቲው በትክክል ይገባል፣ ቦርዱም ደኅና ነው፤ የተበላሸው መሣሪያው ሲነሣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያነበው ጽሑፍ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚቀመጠው ከጣት ጥፍር በምታንስ፣ ስምንት እግር ባላት የማስታወሻ ቺፕ ውስጥ ሲሆን፣ ሶፍትዌር በሚጫንበት ሰዓት መብራት ቢቋረጥ ወይም ለመሣሪያው የማይስማማ ሶፍትዌር ቢጫን ይበላሻል። በዚህ ጊዜ ነጋዴው ሙሉ ቦርድ ከውጭ አገር ለማስመጣት የውጭ ምንዛሪ ከሚያወጣ ይልቅ፣ ጽሑፉን መልሶ የሚያስጽፈውን መሣሪያ ጠባይ ቢያውቅ ትርፉ የራሱ ነው።

መሣሪያው በገበያ ፕሮግራመር ይባላል። ከዓይነቶቹ ሁሉ በርካሽነቱ የታወቀው ሲኤች 341 ኤ የተባለውን ቺፕ የያዘው ሲሆን፣ ቺፑን የሚያወጣው በቻይና አገር በናንጂንግ ከተማ የሚገኝ ኩባንያ ነው። ቺፑ ለዚህ ሥራ ብቻ የታሰበ አይደለም፤ የኮምፒዩተርን የዩኤስቢ መስመር ወደ ሌሎች የመገናኛ መስመሮች የሚለውጥ አስተርጓሚ ነው። ሌሎች ፋብሪካዎች በትንሽ ቦርድ ላይ ተክለው፣ ማንሻ ያለው ሶኬት ጨምረውበት ይሸጡታል። ቀድሞ እንዲህ ቀላል አልነበረም። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1971 ለገበያ ያቀረበው የዶቭ ፍሮህማን ቺፕ ጽሑፉ የሚጠፋው በጀርባው ባለው የመስታወት መስኮት በኩል የአልትራቫዮሌት ብርሃን ለብዙ ደቂቃዎች ሲበራበት ነበር። ዛሬ የሚሠራበትን በኮረንቲ ብቻ በአንድ ጊዜ የሚጠፋውን የፍላሽ ዓይነት የቶሺባው ፉጂዮ ማሱኦካ እ.ኤ.አ. በ1984 ለዓለም አስታወቀ።

ሁለት ቤተ ሰቦችን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ስማቸው ከ24 የሚጀምረው ትንንሾቹ ሲሆኑ፣ ብዙውን ጊዜ የቴሌቪዥንንና የመሳሰሉትን ልዩ ልዩ ማስተካከያዎች ይይዛሉ። ከ25 የሚጀምሩት ግን ፍላሾች ናቸው፤ ሙሉውን ሶፍትዌር የሚይዙትም እነዚሁ ናቸው። በሶኬቱ ላይ ለሁለቱም የተለየ ቦታ ስለ ተመደበ፣ በቦርዱ ላይ የታተመውን ምልክት ሳያዩ ቺፕ መሰካት አይገባም። በሱቅ ውስጥ ብዙ ክርክር የሚያስነሣው ደግሞ ቁጥሩ ነው። ደብልዩ 25 ኪው 64 የተባለው የዊንቦንድ ቺፕ የሚይዘው 64 ሜጋባይት አይደለም፤ 64 ሜጋቢት ነው። ለ8 ሲካፈል 8 ሜጋባይት ይሆናል። ባለ 128 የተባለውም 16 ሜጋባይት ነው። ይህን ሳይረዳ ያዘዘ አስመጪ ከላኪው ጋር ቢጣላ ጥፋቱ የላኪው አይሆንም።

የፍላሽ ቺፕ ጠባይ እንደ ሰሌዳ ነው። መጻፍ ማለት 1 የነበረውን 0 ማድረግ ብቻ ነው፤ 0 የሆነውን ወደ 1 ለመመለስ ግን መደምሰስ ያሻል፣ መደምሰሱም ቢያንስ በ4 ኪሎባይት ክፍል እንጂ በአንዲት ፊደል አይሆንም። ስለዚህ ሥራው ማንበብ፣ መደምሰስ፣ መጻፍ፣ በመጨረሻም ከፋይሉ ጋር ማመሳከር ነው። ይህን ቅደም ተከተል ያፈረሰ ሰው የሌላውን ሰው ንብረት ያጠፋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ማንበቡ ነው። ብዙ ሠራተኞች ቺፑ «ተበላሽቷል» ብለው ሳያነቡ ይደመስሱታል። በላፕቶፕ ቺፕ ውስጥ ግን ከሶፍትዌሩ ጋር የመሣሪያው መለያ ቁጥር፣ አያሌ ጊዜም የዊንዶውስ የፈቃድ ቁልፍ ተጽፎ ይገኛል። ከሌላ ተመሳሳይ ላፕቶፕ የተገለበጠ ፋይል መሣሪያውን ሊያስነሣው ይችላል፤ ነገር ግን የሌላውን ሰው መለያ ይዞ ይነሣል። የመጀመሪያው ከተደመሰሰ ደግሞ ከየትም አይመጣም። ስለዚህ ጠንቃቃ ሠራተኛ ሁለት ጊዜ አንብቦ ሁለቱን ፋይሎች ያስተያያል። ልዩነት ከተገኘ ግንኙነቱ ደካማ ነውና መቆንጠጫውን ያስተካክላል። የ8 ሜጋባይት ቺፕ ፋይል በትክክል 8,388,608 ባይት መሆን አለበት። ፋይሉ ከላይ እስከ ታች ኤፍኤፍ ብቻ ከሆነ ቺፑ ባዶ ነው፣ አለዚያም ጨርሶ አልተነበበም። የተነበበው ፋይል በደንበኛው ደረሰኝ ቁጥር ተሰይሞ ይቀመጣል።

አሁን ወደ ርካሽነቱ ዋጋ እንምጣ። በገበያ የተለመደው ጥቁሩ ቦርድ የታወቀ ጉድለት አለው። ለማስታወሻው ቺፕ የሚሰጠው ኮረንቲ 3.3 ቮልት ሲሆን፣ አስተርጓሚው ራሱ ከዩኤስቢ በሚመጣው 5 ቮልት ስለሚሠራ በመረጃ መስመሮቹ የሚወጣው ወደ 5 ቮልት ይጠጋል። ከላይ የተጠቀሰው የዊንቦንድ ቺፕ የተሠራው ከ2.7 እስከ 3.6 ቮልት ነው። ብዙዎቹ ቺፖች ለጊዜው ይችሉታል፤ ይሁን እንጂ ቺፑ ሳይነቀል በመቆንጠጫ በሚሠራበት ጊዜ ያ ቮልት ወደ ቦርዱ ሌሎች ክፍሎችም ሊሄድ ስለሚችል፣ በጥቂት ብር የተገዛ መሣሪያ የደንበኛን ላፕቶፕ ሊያበላሽ ይችላል። ማጣራቱ ቀላል ነው፤ ምንም ሳይሰካ የመረጃ እግሮቹን በቴስተር መለካት ይበቃል። አስመጪም ቢሆን ከማዘዙ በፊት የመረጃ መስመሩ ስንት ቮልት እንደሆነ ላኪውን በጽሑፍ ይጠይቅ። በ1.8 ቮልት የሚሠሩ ቺፖች ባሉባቸው ላፕቶፖች ላይ ደግሞ ማስማሚያ ከሌለ ሥራው አይጀመርም።

በመቆንጠጫ የሚሠራ ሰው የላፕቶፑን ባትሪና ቻርጀር አስቀድሞ ይነቅላል። የመቆንጠጫው ቀይ ሽቦ በቺፑ ላይ ነጥብ ካለበት ከአንደኛው እግር ጋር ይገጥማል። ቦርዱ የፕሮግራመሩን ኮረንቲ እየሳበ ንባቡን ካወከው፣ ያለው መንገድ ቺፑን በሆት ኤር አንሥቶ በሶኬት ማንበብ ነው።

ቺፕ በብዛት ለሚያስመጣ ነጋዴ ይኸው መሣሪያ እንደ ሚዛን ያገለግላል። የፍላሽ ቺፕ ሲጠየቅ መለያውን ይናገራል፤ ለምሳሌ ባለ 64ቱ የዊንቦንድ ቺፕ በተለመደው የ3 ቮልት ዓይነቱ «ኢኤፍ 40 17» ሲል፣ ባለ 128ቱ «ኢኤፍ 40 18» ይላል። በጀርባው 128 ተጽፎበት 17 የሚመልስ ቺፕ ጽሑፉ ተፍቆ የታተመበት ነው። ከያንዳንዱ ጥቅል ጥቂት እየመዘዙ መጠየቅ፣ ጽፎም እስከ መጨረሻው ማመሳከር ሂሳቡ ከመዘጋቱ በፊት የሚደረግ ነው። አዲስ ነው ተብሎ የተሸጠ ቺፕ ውስጥ የቆየ ጽሑፍ ከተገኘም ከአሮጌ ቦርድ የተነቀለ መሆኑን መጠርጠር ይገባል።

የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። በውስጡ ያለው የፊስካል ማስታወሻ የግብር መዝገብ ስለሆነ፣ ማኅተሙን ፈትቶ ቺፑን መነካካት በሕግ ያስቀጣል፤ ሲበላሽ የሚወሰደው ፈቃድ ወዳለው የአገልግሎት ማዕከል ነው።