«ቤቴ መጥታ እህል አልቀምስም አለችኝ»

እትዬ፤

የጎንደር ልጅ ነኝ፤ ላፍቶ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ቆይቻለሁ። የቤተ እስራኤሎች መንደር በነበረችው ወለቃ አጠገብ ሳድግ እንደ እህት የማያት አንዲት ቤተ እስራኤል ጓደኛ ነበረችኝ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከቤተሰቧ ጋር ወደ እስራኤል ሄደች፤ አሁን የምትኖረው አሜሪካ፣ ዋሽንግተን አካባቢ ነው። ብዙ ዓመት ተጠፋፍተን በስልክ ተገናኘንና ልትመጣ ነው። እኔ ዘንድ ሰንብታ፣ ከዚያ አብረን ጣና ሄደን ደሴቶቹን፣ በተለይም ጣና ቂርቆስን ልናይ ተስማምተናል።

ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ባለፈው ስንነጋገር ግን ኮሸር (የአይሁድን የምግብ ሕግ) እንደምትጠብቅ፣ በአውሮፕላን የምትበላውን ለይታ እንዳዘዘች፣ ለእኔ ቤትና ለደሴቱም ደረቅ ምግብ በሻንጣ ይዛ እንደምትመጣ ነገረችኝ። «አንቺ ምንም እንዳታዘጋጂ» አለችኝ። እኔ ዶሮ ልሠራላት እያሰብኩ ነበር። ባለቤቴ «ቤታችን ምን ነውር ተገኘበትና ነው ስንቅ ቋጥራ የምትመጣው?» ብሎ ተቆጣ። እኔም ከፋኝ። ከ30 ዓመት በላይ ናፍቄያት አንዲት ጉርሻ እንኳ ሳላጎርሳት ልሸኛት ነው? ሆቴል ብታርፍ ይሻላል ልበላት?

እ. ከላፍቶ

እህቴ፣ ሆቴል እረፊ እንዳትያት። እንዲህ ያለ ቃል አንዴ ከአፍ ከወጣ መመለሻ የለውም። መከፋትሽ ግን ይገባኛል፤ እኛ ዘንድ ሰው የሚወደውን በእጁ ካላጎረሰ የወደደው አይመስለውም።

እስቲ ጉዞዋን ከመነሻው ተመልከቺው። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ በቀጥታ ቢበረር እንኳ ከ12 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ኮሸር የሚጠብቅ ተሳፋሪ ትኬት ሲቆርጥ ምግቡንም አብሮ ያዝዛል፤ ቢዘገይ ከበረራው 24 ሰዓት በፊት፣ አንዳንድ አየር መንገድ ጋ ደግሞ ከዚያም ቀደም ብሎ። ያ ምግብ ሃይማኖታዊ ቁጥጥር ባለበት ወጥ ቤት ተሠርቶ፣ ድርብ ተሸፍኖና ታሽጎ ነው የሚጫነው። አስተናጋጇ ከማሞቋ በፊት እሽጉ እንዳልተነካ ታሳየዋለች። ያዘዘው ሳይጫን ከቀረ፣ አጠገቡ ያለው ሰው ትኩስ ምግብ ሲበላ እሱ በያዘው ፍራፍሬና ብስኩት ያድራል። ጓደኛሽ ገንዘቧን ከፍላ የተሳፈረችበትን አውሮፕላን ምግብ አልበላም የምትለው አብሳዩን ንቃ አይደለም። ያንቺንም ወጥ የምትተወው በዚያው ሕግ ነው።

ለመሆኑ ይህ ለእኛ አዲስ ነገር ነው? ሙስሊም ጎረቤትሽ ለኢድ ስትጠራሽ ሥጋ እንደማትበዪ አውቃ ሌላ ነገር ታቀርብልሻለች፤ አንቺም ለፋሲካ ስትጠሪያት ከዶሮሽ እንድትቀምስ አታስገድጃትም። ማንም ማንንም አይቀየምም። በሑዳዴስ ቅቤ የነካ ጭልፋ ሽሮው ውስጥ እንዳይገባ ስትጠነቀቂ ማን ተቀይሞሻል?

የምነግርሽ አንድ ከባድ ነገርም አለ፤ ወለቃ አጠገብ አድገሻልና ታውቂዋለሽ። በቀድሞው ዘመን ቤተ እስራኤሎች ከክርስቲያን ጋር ማዕድ አይቆርሱም ነበር። ከሌላ ሰው ጋር ከተነካኩ በውኃ ታጥበው ነው ቤታቸው የሚገቡት፤ ስለዚህም መንደራቸውን ወንዝ አጠገብ መሥራት ይወዱ ነበር። ይህ የሃይማኖታቸው ሥርዓት ነው። በእኛ በኩል የነበረው ግን ሥርዓት ሊባል አይችልም። ብረት ስለቀጠቀጡ፣ ሸክላ ስለሠሩ «ቡዳ ናቸው» እያልን ልጆቻችንን ከፊታቸው እንሸሽግ ነበር፤ እናቶቻቸው በሠሩት እንስራ ውኃ እየቀዳን፣ እናቶቻቸው በሠሩት ጀበና ቡና እያፈላን። ጓደኛሽ በሄደችበት በዚያ ግንቦት ከ14 ሺህ በላይ ሰው በ36 ሰዓት ገደማ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ሲጓጓዝ ያ ስድብ አብሯቸው ሄዷል። ጓደኛሽ ያንን ሁሉ ታውቃለች። ያም ሆኖ ከዚህ ሁሉ ከተማ ልታድርበት የመረጠችው ያንቺን ቤት ነው። ባለቤትሽ ስለ ስንቋ ሲያነሣ ይህንን ንገሪው፤ በለሰለሰ ቃል፣ ግን ሳትደብቂ።

ወደ ሥራው እንግባ። ዶሮውን ተዪው። አንደኛ፣ ዶሮው በእነሱ ሥርዓት በተፈቀደለት አራጅ መታረድ አለበት። ሁለተኛ፣ በኮሸር ሕግ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ በአንድ ድስት አይገናኙም፤ ቅቤ የሌለው ዶሮ ወጥ ደግሞ አንቺም አትሠሪውም።

ሸክላ ግን ያዋጣሻል። ከሌላ እምነት ሰው የተገዛ የብረትና የብርጭቆ ዕቃ ከመብላቱ በፊት በሥርዓቱ ውኃ ውስጥ መነከር አለበት፤ መስተዋት ያልተቀባ አዲስ ሸክላ ግን ይህ አይጠየቅበትም። አዲስ የሸክላ ምጣድ፣ አዲስ የሸክላ ድስት፣ አዲስ ጀበና ግዢ። እንዳታሟሺያቸው! በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለሽ አስቀምጪና እሷ ራሷ ታሟሻቸው። እሳቱንም እሷ ታቀጣጥለው፤ በሕጋቸው የሌላ እምነት ሰው ብቻውን ያበሰለው ብዙ ምግብ አይበላም። ቤትሽ ጠባብ ከሆነ በኮንዶሚኒየሙ የጋራ ማብሰያ ወርዳችሁ ሥሩ። ጤፉን፣ ምስሩን፣ ቡናውን ጥሬውን አቅርቢላት፤ ምስሩን እሷ ትልቀመው፣ ነፍሳት እንዳይኖርበት አጥብቀው ነው የሚያዩት። በዚሁ ምክንያት ጎመን ያስቸግራል፤ ድንችና ካሮት ይቀላሉ። የኃይሌ ጋርመንቱ የአትክልት ገበያ ሩቅሽ አይደለም፤ ሙዝ፣ ብርቱካንና አቮካዶ ገዝተሽ ሳትቆርጪ አስቀምጪ። ለቡናው የወረቀት ኩባያ ይበቃል። ያ የምስር ወጥ ለአንቺም ረቡዕና ዓርብ የሚሆን ነውና ከአንድ ገበታ ትቀርባላችሁ። ጉርሻሽ አልቀረም፤ እሷ ከሠራችው ጠቅልለሽ አጉርሻት። እሷ የምትከተለው ወግ ከዚህ ከጠበቀ ወይም ከላላ ግን የእሷ ቃል ይበልጣል።

ዓርብ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ሁሉም ነገር ያልቅ። ከዚያ እስከ ቅዳሜ ምሽት እሳት አትነካም፣ መኪናም ጀልባም አትሳፈርም። የጣናውን ጉዞ እሑድ ወይም ሰኞ ጀምሩት።

ጣና ላይ ደግሞ ደስ የሚል ነገር አለ። በኦሪት ሕግ ክንፍና ቅርፊት ያለው ዓሣ ይበላል። ቀረሶ ሁለቱም ስላለው ይበላል፤ አምባዛ ቅርፊት የለውምና አይበላም። ባሕር ዳር ስትደርሱ የተቆራረጠ ሳይሆን ቅርፊቱ የሚታይ ሙሉ ቀረሶ ከአጥማጁ ግዙ፤ በራሷ ቢላዋ ታጽዳው፣ በፎይል ሁለት ጊዜ ጠቅልላ ራሷ ባቀጣጠለችው ከሰል ላይ ትጥበሰው። ሎሚና ጨው እንዳትረሱ።

ጣና ቂርቆስን መምረጣችሁ አልገረመኝም። ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመሄዷ በፊት እዚያ እንደተቀመጠች በትውፊት ይነገራል፤ የብሉይ ኪዳን መሥዋዕት የቀረበባቸው ናቸው የሚባሉ ድንጋዮችም ዛሬ ድረስ ይታያሉ። ታቦቱም መሥዋዕቱም ለአንቺም ለእሷም ከአንድ መጽሐፍ የመጡ ናቸው። ከባሕር ዳር በጀልባ ሰዓታት ይወስዳልና ስንቁን ከዚያው ይዛችሁ ተነሡ። በጣና ላይ ሴት የማይገባባቸው ገዳማት አሉ፤ ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ከእነዚህ ናቸው። ስለዚህ ጀልባ ከመከራየታችሁ በፊት በየደሴቱ እስከ የት መግባት እንደምትችሉ ከባለ ጀልባው ጋር ተነጋገሩ። መነኮሳቱ ቁራሽ ቢዘረጉላት የማትቀምስበትን ምክንያት አንቺ ቀድመሽ አስረጂላት፤ እነሱ ስለ ጾምና ስለ ሥርዓት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም። የመንገዱንም ጸጥታ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት እዚያ ካሉ ዘመዶችሽ አጣሪ።

ስንቋን ግን አትከልክያት። በረራ ይዘገያል፣ ጀልባ ይበላሻል፤ በሻንጣዋ ደረቅ ምግብ መኖሩ ለሁለታችሁም ዕረፍት ነው።

ዛሬውኑ ደውዪላት። «ምን ልግዛ፣ ምን ልተው፣ ምኑን ላንቺ ላቆይልሽ?» ብለሽ ጠይቂያትና የምትልሽን በወረቀት ጻፊ።